አስካለ የሄደችበት ምርጫ

የወንድሜ የጌታነህ ሙት ዓመት ዘንድሮ የዋለው ጎረቤት አገር ድምፅ በሚሰጥበት ሳምንት ነው። ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች እኔ ዘንድ ስለሚያድሩ፣ ሳጥን ውስጥ የከረመውን ባና ሁሉ አወጣሁና መሐል ሜዳ ያለው ቤቴ አጥር ላይ አሰጣሁት። ባና ከራሳችን በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ልብስ ነው፤ የመንዝን ብርድ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ይነሣል፤ የበግ፣ የጭስ፣ የዱሮ ሰው ሽታ። ያን እያሸተትኩ ሳለሁ ከጎረቤቴ ሱቅ የተከፈተው ሬዲዮ ስለ ጎረቤት አገር ምርጫ ያወራ ጀመር፤ ጣቢያዎቹ ማልደው መከፈታቸውን፣ ሰዉ በሰላም መሰለፉን፣ የድንበሩ መንገድም እንዳልተዘጋ። ሌላ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። እኔ ግን እጄ ባናው ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። አገሩን በስሙ አልጠራውም፤ የዳነ ቁስል አይነካም። ደግሞም ያን ወሬ ስሰማ ፊቴ ላይ የሚመጣው አገሩ አይደለም፤ አስካለ ናት። አስካለ ስትመጣ ያ የቆየ ቅናቴ አብሯት ይመጣል። ጡረታ ከወጣሁ፣ ጠጉሬም ከነጣ ቆየ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አላረጀም።

ሁለታችንም መሐል ሜዳ አስተማሪዎች ነበርን። እኔ የዚሁ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አስካለ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ተመድባ የመጣች። ያን ጊዜ ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲም በስሙኒ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ እንደ ጌታ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከአውቶቡስ ተራው ወረድ ብሎ ጥጉ ላይ ያለችው ሻይ ቤት አንዲት ቴፕ ነበረቻት። ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሣ ዘፋኙ መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጎተታል፤ እኛም ለምደነው ቤታችን ስናንጎራጉር እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ እንጎትተው ነበር። ዛሬ ዘፈኑን በደህና መሣሪያ ስሰማው የጎደለው ነገር ያለ ይመስለኛል። የሴት አስተማሪ ልብስ ጉርድ ቀሚስና ሹራብ፣ በላዩ ነጠላ ነው። አስካለ ግን ቀይ ካፖርት ነበራት። "እናንተ ብርዱን ከእናታችሁ ጡት ጋር ጠጥታችሁታል፣ እኔ የቆላ ልጅ ልሞት ነው" እያለች በፍንጭት ጥርሷ ስትስቅ፣ ገበያው ዞሮ ያያታል። በዚያው ሰሞን እኔ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርጄ፣ የወር ደመወዜን ግማሽ ከስክሼ ግራጫ ሹራብ ገዝቼ ነበር። ከየት ገዛሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በካፖርት ጀመርኩ።

ምርጫ ሲመጣ አስተማሪ ሁሉ የጣቢያ ሠራተኛ ይሆናል። እኔና አስካለ ከራቤል ከፍ ብሎ ካለ አንድ የጊሼ ቀበሌ ተመደብን፤ እኔ ኃላፊ፣ እሷ ረዳቴ። ጣቢያው የተተከለው በሁለት ቀበሌዎች መሐል ነው፤ ሁለቱ በግጦሽ መሬት ከአባቶቻቸው ጀምሮ የተቋሰሉ። ሰዉ ማልዶ ወጥቶ መርጦ ስለነበር ጣቢያው ሲዘጋ ፀሐይ ገና ጋራው ላይ ነበረች። ያን ጊዜ አንድ ወሬ ተነሣ፤ የታቹ ቀበሌ ሰዎች ደግመው መርጠዋል፣ ሣጥኑም ውስጥ ከቤት የመጣ ወረቀት አለ የሚል። የላዩ ቀበሌ ጎልማሶች ዱላቸውን መሬት ላይ ይመቱ ጀመር። ከእኔ በላይ ያሉት ሰው ክፍሉን ዘግቼ በጥበቃ እንድቆጥር ላኩብኝ። እኔ አባቴ የዳኘውን ሽምግልና ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፤ በር ሲዘጋ ሰው የሚያስበውን አውቃለሁ። ጠረጴዛውን ሜዳው ላይ አስወጣሁ። ከሁለቱም ቀበሌ ሽማግሌዎችን፣ ከተወዳዳሪዎቹም ወኪሎችን ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። እያንዳንዷን ወረቀት ከፍ አድርጌ አሳየሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ አስካለም ደገመችው። ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍን። የተሸነፉት ተነፈሱ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ፣ ጎረቤት አገር ምርጫ ሊያደርግ ነውና ለታዛቢነት የሚሄዱ ሰዎች ሊመርጡ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ ተባለ። ልምድ ያላቸውን፣ እንግሊዝኛም የሚችሉትን ነው የሚፈልጉት። እኔ መጀመሪያ ገባሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ፤ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ፣ እንደ ዳዊት። አመስግነው ሸኙኝ። ቀጥላ አስካለ ገባች፤ በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ውጭ ሆኜ ይሰማኛል። ሕግ አልጠቀሰችም። ከባድ ቀን ገጥሟት ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቋት የጊሼውን ቆጠራ ተረከችላቸው። ዱላውን፣ ጋራው ላይ የቀረችውን ፀሐይ፣ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ለማየት አንገታቸውን ሲያስረዝሙ፣ አንዱ ከሰው ኋላ ቆሞ በጣቱ ሲቆጥር። እንግዶቹ ሲስቁ ሰማሁ። "እንዲህ አደረግን" አለች። "አደረግሁ" ብትል እኮ ይሻለኝ ነበር፤ ዋሸች ብዬ በደንብ እቀየማት ነበር። "አደረግን" አለች፤ እውነትም ሁለታችንም እዚያ ነበርን። በዚያች አንዲት ቃል ላይ ስንት ዓመት እንዳመነዠክሁ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የተመረጠችው እሷ ሆነች።

የሄደች ዕለት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። አዲስ ሻንጣ ገዝታለች፤ ቡናማ፣ ማዕዘኑ ላይ ብረት ያለው፣ ያኔ ሹም እንጂ ሌላ ሰው የማይዘው ዓይነት። ጓደኞቻችን ስንቅ አምጥተዋል፣ አንዷም የመንገድ መስቀል አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። እኔ ሣቅሁ፣ አቀፍኳት፣ ሻንጣዋንም የአውቶቡሱ ረዳት እስኪቀበለኝ ያዝኩላት። ጌታነህ ያን ጊዜ ለአንድ ነጋዴ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከደጋው ባቄላና ምስር ጭኖ ድንበር አሻግሮ ያራግፋል። እናታችን ቶሎ ስለሞተች እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ ወንድሜ ከምለው ልጄ ብለው ይቀለኛል። ለጨዋታ ያህል "ወንድሜን መንገድ ላይ ካገኘሽው ሰላም በይልኝ" አልኳት። እሷም የመኪናውን ቀለም ጠየቀችኝ። ሰማያዊ ነው አልኳት። ሰው በገዛ አፉ የሚያደርገውን መች ያውቃል።

ምርጫው አለፈና ጥቂት ቀን ደህና ወሬ ሰማን። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በድንበሩ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ ከተማ ቆጠራውን ከየጣቢያው አንሥተው ወደ አንድ ግቢ አስገቡት፣ በሩን ዘጉት፣ ውጤቱንም ዛሬ ነገ ማለት ጀመሩ። ወሬ ባዶ ቦታ ይወዳል። ከእኛ አገር በሚመጡት ከባድ መኪናዎች ውስጥ፣ ከእህሉ ሥር፣ ድምፅ የተሞላበት ሣጥን ተጭኖ ገብቷል ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ያየው ይመስል ነበር። መኪናዎች ተደበደቡ፣ ተቃጠሉም። በእነሱ በኩል ወታደር ድንበር ላይ ሰፈረ፤ በእኛም በኩል ሰፈረ። በረሃውን አቋርጠው ልጅና አሮጊት የተሸከሙ ስደተኞች ወደ እኛ መግባት ጀመሩ። እኛ ከዚያ ድንበር የስንት ቀን መንገድ ርቀን፣ እዚህ የጓሳ ነፋስ የሚነፍስበት ጋራ ላይ ተቀምጠን፣ ነዳጅ ጠፍቶ አውቶቡስ ቆመ። የባቄላ ነጋዴዎች እህላቸውን ታቅፈው ቀሩ፤ የጨው ዋጋ ጨመረ። የሰው አገር ሣጥን በር ተዘግቶ ስለተቆጠረ መሐል ሜዳ ወጥ ጨው አጣ ብል ዛሬ ወጣቶቹ ይስቁብኛል። እኛ ግን በልተነዋል፤ አልጫውን።

የጌታነህ ድምፅ ጠፋ። ስልክ ያለው ቴሌ ብቻ ነበር፤ ጧት ከትምህርት ቤት በፊት እሰለፋለሁ፣ ከሰዓት እሰለፋለሁ፤ ወደ ነጋዴው ይደወልልኛል፣ ነጋዴው አላውቅም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥሩን ይዤ ስቆም ለወንድሜ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ለአስካለም ልጸልይ እልና ምላሴ ይተሳሰራል። እንድትሞት አልፈለግሁም፤ ያንን ማርያም ታውቃለች። ግን እኔ በወሬ ስሰቃይ እሷ ነገሩ መሐል ቆማ በዓይኗ እያየች መሆኗ ራሱ ያንገበግበኝ ነበር። የወንድሜን ዕጣ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ልትሆን ነው።

እንደፈራሁትም ሆነ። ጌታነህ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ የመኪናው የፊት መስተዋት ተሰባብሮ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ታጥቦ ከበላ በኋላ ነገረኝ። ሰማያዊው መኪና የተያዘው ከዚያ ትልቅ ከተማ ወዲህ ባለች ትንሽ የድንበር ከተማ ነው፤ ጎረምሶች ከሌሎች መኪናዎች ጋር ነድተው ትምህርት ቤት ግቢ አጠገብ አቆሟቸው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የምርጫ ጣቢያ ነው፤ ሣጥኖቹ ገና ሳይቆጠሩ ውስጥ ናቸው፣ በሩ ተዘግቷል። ጎረምሶቹ ጎማ ሥር ጭራሮ መከመር ጀመሩ። ታዛቢ ሆና እዚያች ጣቢያ የተመደበችው ሴት ወጥታ መኪናዎቹን አየች፤ ከመካከላቸው ሰማያዊውን ለይታ ወደ ጌታነህ መጣችና "የዘነበች ወንድም ነህ?" አለችው። አዎ አላት። ሌላ አልተናገረችውም። ተመልሳ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው ሐሰን የሚባሉ የከተማው ሰው ናቸው፤ እሳቸውም እንደ እኔ ዘግተው እንዲቆጥሩ ታዘዋል።

"ታዛቢ እኮ ማዘዝ አይችልም" አለኝ ጌታነህ፣ ያን የማላውቅ ይመስል። "ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀቻቸው፣ እታለም። ሰዉ ሁሉ እየሰማ 'ሕዝቡ እንዲያይ ምን ይከለክልዎታል?' አለቻቸው።"

ሐሰን ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቋት ይላል። ከዚያ "ምንም" ብለው ሣጥኖቹን አስወጡ። ግራር ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ከቆጠራው በፊት መኪናዎቹም ይከፈቱ ተባለ፤ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ቆሞ እያየ የወንድሜ ባቄላ በኩንታል በኩንታል ሸራ ላይ ተዘረገፈ። ባቄላ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ባቄላው ውስጥ ከተው ፈትሸው፣ አንዱን ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጥለው ቆረጠሙና ሣቁ። ያኔ ጭራሮውን የከመሩት ጎረምሶችም ሣቁ። ወረቀቱ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ተነበበ፤ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። በሌላው ከተማ ጭሱ እየታየ እዚያች ከተማ ሰው አልሞተባትም። በማግስቱ የሁለቱ አገር የድንበር ሹሞች ተገናኝተው፣ በዚያች ከተማ በኩል ብቻ መኪና እንዲያልፍ ተስማሙ። ከጊዜ በኋላ ትልቁ ከተማም ሣጥኑን አውጥቶ በሰው ፊት እንደገና ቆጠረ፤ ወታደሩም ከሁለቱም በኩል ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወንድሜ ፊቴ ተቀምጧል፤ በሕይወት አለ። እኔ ግን የምሰማው የራሴን ቀን ነው። ጠረጴዛው የእኔ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የእኔ ናቸው፣ ከፍ የተደረገችው ወረቀት የእኔ ናት። "ያንን እኮ ጊሼ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ጌታነህ በፍቅር ሣቀብኝ። "አውቃለሁ እታለም፤ አንቺ ዘንድ ግን ክብሪት የያዘ ሰው አልነበረማ" አለኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ አስካለን ያጫት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ዓለም ከተማ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይልካል። የጀማን ወንዝ ተሻግረን በዚያ አጥንት በሚያላላ መንገድ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሹራቤን አወለቅሁ። ሠርጉ አማረ። ከሠርጉ በኋላ አስካለ እኔን "እትዬ" እና "እርስዎ" ማለት ጀመረች፤ የባል ታላቅ እህት ናትና ወጉ ነው። በዕድሜ የምንበላለጠው ግን ጥቂት ነበር። አክብራ አስረጀችኝ። በየዓመት በዓሉ ጌታነህ ያን የግራር ሥር ታሪክ እንድታወራ ይጎተጉታታል፤ ወረዳ ላይ ስብሰባ ሲሆን እሷን ይጠሯታል፤ ሌላ ምርጫ ሲመጣ አሠልጣኝ ትሆናለች፣ እኔም ከሠልጣኞቹ መሐል እቀመጣለሁ። ጌታነህ ከመንገድ ሲመለስ ዱሮ ጫማውን የሚያወልቀው እኔ ቤት ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ለሰላምታ ቆሞ ይጠይቀኛል፣ መኪናውን ሳያጠፋ። ሁለቱም ክፉ አልሆኑብኝም፤ ከቶ አልሆኑብኝም። የሚያስቀናም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እጠላቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ጌታነህ በልብ ሕመም ሞተብን። ለሙት ዓመቱ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ከደብረ ብርሃን ከገባው ሚኒባስ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ወርደው የአስካለን ቤት ጠየቁ። ሐሰን ነበሩ። የአገራቸው ምርጫ አልፎ የከተማቸው ውጤት በሰላም በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው የተነሡት፤ ያንን ሳላይ አልወጣም ብለው። ሥጋችንን ስለማይበሉ ቅንጬ በቅቤ ሠራንላቸው። ዘንድሮ በየጣቢያው ቆጠራው በደጅ እንደነበር፣ የእኛም ሾፌሮች በዚያ ሰሞን ያለ ሥጋት ሲያልፉ እንደከረሙ፣ ከእነዚያው ሾፌሮች በተማሩት አማርኛ ቀስ ብለው አወጉን። ሰው ሁሉ እሳቸውንና አስካለን ከቦ ተቀምጧል። እኔ በር አጠገብ ነኝ። አስካለ ስታስተዋውቀኝ ምርኩዛቸውን ያዝ አድርገው ሊነሡ ሞከሩ።

"ጊሼ ላይ ያስቆጠሩት መምህርት እርስዎ ነዎት?" አሉኝ። "ያን ቀን ይቺን ልጅ፣ ይህ ነገር ከዚህ በፊት የተደረገበት አገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዘነበች የምትባል አለቃዬ አድርጋዋለች፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ገባ አለችኝ። እኔ በርስዎ ነው የደፈርኩት።"

ወደ አስካለ ዞርኩ። ለምን ነግራኝ እንደማታውቅ ጠየቅኋት። በእርጋታ አየችኝና "የራስዎን ሥራ ለራስዎ ልንገርዎት እትዬ? የሚያውቁት መስሎኝ" አለችኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ ቄሱም መረቁኝ። እኔ ግን የተሰማኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አቅፌው የኖርኩት ቂም ነበረኝ፤ የእኔ የምለው። በዚያች ቅጽበት እሱንም ወሰደችብኝ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ሳለች፣ ሁለታችን ብቻ ደጅ ቀረን። አስካለ ነጠላዋን እየቋጨች፣ እሷ ከማወቋ በፊት ጌታነህ ምን ይመስል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ሆኖ ምን ያስቀው፣ ምን ያስለቅሰው ነበር፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ምን ነበር። እያወራኋት ፊቷን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በመስታወት ያየሁት ፊት ነው። እሷ የሌለችባቸው ዓመታት ሁሉ የእኔ ናቸው፤ ልትቀማኝ አትችልም፣ ልትለምነኝ እንጂ። ስለዚህ ነገርኳት። ኩፍኝ ሲይዘው ያቀፍኩትን፣ በግ ጠፋብኝ ብሎ የሰፈሩን ሰው ያስወጣበትን፣ መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ዓይኑን ጨፍኖ የነዳበትን። ሣቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና አስደገመችኝ። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትለቅ ድረስ ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት።

አንዷን ግን አልነገርኳትም። ትንሽ ናት፤ ለሌላ ሰው ምኗም አይደለች። እሷን ለራሴ አስቀረኋት።